ከተጣለ ፍሬ የተሠራ ጭምብል

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ከሰል ነው። «ከሰል ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» እንዳትሉኝ፣ ታግሳችሁ አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1785 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ቶቢያስ ሎዊትዝ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ፣ ከሰል የጠቆረ ፈሳሽን እንደሚያጠራ አስተዋለ። ብዙም ሳይቆይ ስኳር አጣሪዎች ተጠቀሙበት። ኋላ ላይ ደግሞ ከሰሉን ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በእንፋሎት ሲያክሙት ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሞላ። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ይሄ ነው። የ1 ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከ2 የቅርጫት ኳስ ሜዳ በላይ ማለት ነው! መርዝ እዚያ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመን ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ ለቀቀች። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ዜሊንስኪ የከሰል ጭምብል ሠራ። በ1918 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ የኮክ ፍሬ እንዲሰበስቡ ዘመቻ ታወጀ። ሰው በልቶ የሚጥለው ፍሬ ከስሎ የወታደር ሳንባ ጠባቂ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም ግን ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበች። አብዛኛው ዘማች ጭምብል ቀርቶ ጫማም አልነበረውም። ጋዙ ቆዳም ያቃጥላልና ጭምብል ብቻውን ባያድነውም፣ ዓይኑንና ሳንባውን ግን ይጠብቅለት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ይህንኑ ግፍ ለዓለም ተናገሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ከሰል ማክሰሉን አያቶቻችን ያውቁበታል። ኮኩም በየጓሯችን ይበቅላል። ያልነበረን ኬሚስትሪውና ፋብሪካው ነው።

ዛሬስ? የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ተከምሮ ይበሰብሳል፣ ወይ ይቃጠላል። የአገራችን ተመራማሪዎች ከዚሁ ገለፈት አክቲቬትድ ካርቦን ሠርተው፣ ክሮምን የመሰለ የቆዳ ፋብሪካ መርዝ ከውኃ ለማስወገድ ሞክረውታል። እዚሁ ክፍለ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ታች ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ ጎመን ያጠጣል። ጎመኑን የምንበላው እኛው ነን።

በ1928 እውቀቱ ሩቅ ነበር። አሁን ግን ቤተ ሙከራችን ውስጥ አለ። ኬሚስትሪና ምህንድስና ያጠናችሁ ልጆቼ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ወንዙ ዳር የሚያወርደው ማነው? እስቲ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ።