የእናቴ ወገብ እና ሚስተር ስሚዝ

ሮቤ ያደገ ሰው ይህችን እንቅስቃሴ ያውቃታል። ስንዴ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታርም የቆየች ሴት ድንገት ቀና ትላለች፤ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ "እፎይ" ብላ ተመልሳ ታጎነብሳለች። እማዬ በቀን ስንቴ እንደምታደርገው ቆጥሬ አላውቅም።

አዲስ አበባ መጥቼ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ወገቤን ሲያስቸግረኝ አንዲት ጓደኛዬ "ኮብራ ሥሪ" አለችኝ። በሆድ ተኝቶ፣ መዳፍን መሬት ላይ ተክሎ፣ ደረትን እንደ እባብ ማንሳት። ዮጋ ነው። ይሄ የእማዬ "እፎይ" አይደል እንዴ?

ህንዶች ጽፈውታል። ከ300 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈው ገራንዳ ሳምሂታ ከሚዘረዝራቸው 32 አቋቋሞች አንዱ ቡጃንጋሳና ነው፤ ቡጃንጋ እባብ ማለት ነው። የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፣ በሽታን ሁሉ ያጠፋል ይላል። በሽታን ሁሉ! (እዚህ ጋ ሳቅኩ።)

ሐኪም ቤት የገባው ግን በስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ነበር። "ሚስተር ስሚዝ" እያለ የሚያወራለት ታካሚው ሕመሙ ከወገቡ እስከ እግሩ ይወርዳል፤ ለሦስት ሳምንት ቢታከምም ጠብ ያለለት ነገር የለም። አንድ ቀን "ግባና በሆድህ ተኛ" አለው። አልጋው ግን ለሌላ ታካሚ ተብሎ ራስጌው ከፍ እንዳለ ቀርቷል። ሰውየው እንዳገኘው ተኛበት። ማኬንዚ ሲመለስ ጀርባው ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሲያየው ደነገጠ፤ በዚያ ዘመን አደገኛ የሚባል አተኛኘት ነበር። የእግሩ ሕመም ግን ጠፍቷል። ማኬንዚ ከዚያ ተነስቶ የሠራው ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር ፊዚዮቴራፒስቶች ይጠቀሙበታል።

ለሁሉም አይሆንም። የአከርካሪው መተላለፊያ የጠበበበትን ሰው ወደ ኋላ መለጠጥ ያብስበታል። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ከሄደ ማቆም ነው። ዮጋ ለቆየ የወገብ ሕመም ይረዳል የሚሉት ጥናቶችም ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን አይደብቁም።

ሮቤ ዙሪያ አጨዳውን ኮምባይነር ከወሰደው ቆይቷል። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ልብስ አጠባው ግን አሁንም ያስጎነብሳል፤ የእማዬ ወገብም "እፎይ" ብቻ አልበቃው ብሎ ነበር። ጎባ ሄዳ ታየች፤ ነርቭሽ አልተነካም አሏት። ባለፈው ፋሲካ ሰሌን አንጥፌ ኮብራን አሳየኋት።

"ይሄን ለመማር ነው አዲስ አበባ የሄድሽው?" አለችኝ።

ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ተኛች። በክርኗ ተደግፋ ደረቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አነሳች።

"እፎይ።"