ፍቺ ድሮም ነበር፣ የተቀየረው ዳኛው ነው

«የዛሬ ልጆች ትዳርን እንደ ሸሚዝ ትቀያይሩታላችሁ። በእኛ ጊዜ እኮ ፍቺ የሚባል ነገር የለም!» ይህቺን ንግግር በሰርግ ድንኳን፣ በለቅሶ ቤት ወይም በታክሲ ወረፋ ላይ ያልሰማ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። እኛም ሰምተን ሰምተን ሲሰለቸን ይህ «የእኛ ጊዜ» የሚባለው ዘመን ምን ይመስል ነበር ብለን የታሪክና የሕግ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነው ነገር ታላላቆቻችንን ላያስደስት ይችላል።

ከላይ ከቤተ መንግሥቱ እንነሳ። ምኒልክ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ወይዘሮ አልጣሽን አግብተው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ግን ሚስታቸው እዚያው ቀሩ። ቀጥሎ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ብዙ ዓመት ኖረው ተለያዩ። በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው ጣይቱም ቢሆኑ ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ሲገቡ የመጀመሪያ ትዳራቸው አልነበረም፣ ከአንድም በላይ አይተዋል። ይህን የምናነሳው ለሐሜት አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለሐሜትም ነው)። በዘመኑ ይህ ነገር ጉድ የሚያሰኝ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። የምኒልክና የጣይቱ ጋብቻ በቁርባን የታሰረ ስለነበር ግን እስከ ሞት ዘለቀ።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ጋብቻ አንድ ዓይነት አልነበረም። ቆርበው የተጋቡ ሰዎች አይፋቱም። ሕዝቡ በብዛት ይጋባ የነበረው ግን በሰማንያ ነው፣ ሰማንያ ደግሞ በሽማግሌ ፊት የሚታሰር፣ በሽማግሌ ፊት የሚፈታ ውል ነው። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ፣ ከየቤተሰባቸው ያመጡት ርስት ለየራሳቸው ይቀራል። ከዚህ ሌላ የደሞዝ ጋብቻም ነበር። ሴቲቱ ቤት እየያዘች፣ ወጥ እየሠራች፣ እንደ ሚስት እየኖረች ለተወሰነ ጊዜ የተቆረጠላትን ክፍያ ትቀበላለች። ውሉ ሲያልቅ ደሞዟን ይዛ ትሄዳለች፣ ከንብረቱ ድርሻ የላትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሴቲቱ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐብሔር ሕጉ ወጣ። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። የአገሩን ልማድ ጨርሰው አልጣሉትም፣ ሽማግሌውን ወስደው የሕግ ካባ አለበሱት። ፍቺ የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ሳይሆን የቤተዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ዘንድ ሆነ። እነዚህም ብዙውን ጊዜ ጋብቻው ሲፈጸም ምስክር የነበሩት ሰዎች ነበሩ። ፍርድ ቤት የሚገባው በይግባኝ፣ ያውም ውሳኔው ጉቦ ወይም ግልጽ ሕገወጥነት አለበት ሲባል ነበር።

ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። ገመናህን ከማያውቅህ ዳኛ ይልቅ የሚያውቅህ ሰው ቢያይልህ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ሕጉ ለሽማግሌዎቹ በሰጣቸው መለኪያ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው መፋታት ክልክል ነበር። አንዳቸው መጠየቅ አለባቸው፣ የጠየቀውም «ከባድ ምክንያት» እንዳለው ይመረመራል። ዝሙት ከባድ ምክንያት ነው። ጥሎ መጥፋትም እንደዚሁ። ድብደባስ? ሕጉ በከባድ ምክንያትነት ከዘረዘራቸው ውስጥ በስም የለም። ከባድ ምክንያት የሌለው አመልካች ደግሞ በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። እስቲ በዚያ ዘመን የምትደበደብ ሚስት ሁኑና አስቡት። ብትቆዪ ዱላ አለ፣ ብትጠይቂ ደግሞ ድርሻሽ ሊቀነስብሽ ነው። የሚፈርዱትም ባልሽን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ይኸው ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝም ነበር። በሰማንያ ውል እኩል ትካፈል የነበረችው ሴት አያት የዘመናዊውን ሕግ አንቀጾች ቢያነቡላት ምን ትል ነበር እያልን ተገርመናል።

ይህ ሕግ አብዮቱንም ደርግንም ተሻግሮ አርባ ዓመት ቆየ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ጋብቻ ሲፈጽሙ፣ በጋብቻ ዘመናቸውና ሲፋቱ እኩል መብት አላቸው ሲል የድሮው ሕግ መሬት ከዳው። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለማሻሻያው ከወተወቱት ግንባር ቀደሙ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፣ ለምሳሌ አማራና ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. አውጥተዋል።

አዲሱ ሕግ የለወጠው ትልቁ ነገር ዳኛውን ነው። ጋብቻን ማፍረስ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። ሽማግሌ አልተባረረም፣ ተጋቢዎቹ መርጠውት ሊያስታርቅ ይችላል፣ ካልሆነለት ግን ወረቀቱን ለችሎት ይመልሳል። ተስማምቶ መፋታት ተፈቀደ። አንዱ ወገን ብቻ ከጠየቀም ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። ችሎቱ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። ጥፋት ያለበት ወገን ካለና ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። ከድሮው የ«ማነው ጥፋተኛው?» ጥያቄ የተረፈችው ይህቺ ብቻ ናት።

ልጆችስ? «ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናት ነው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ከየት መጣ ብትሉ ከ1952ቱ ሕግ ነው፣ ሌላ ከባድ ምክንያት ከሌለ ሕፃኑ እስከ አምስት ዓመት እናቱ ዘንድ ይቆይ ይል ነበር። የተሻሻለው ሕግ ይህን ቁጥር አውጥቶ ጥሎታል። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። ልጁ ማን ዘንድ ያድጋል፣ ማን ቀለብ ይቆርጣል፣ ሌላኛው ወላጅ መቼ ይጠይቀዋል የሚሉት ሁሉ ከፍቺው ጋር አብረው ይታያሉ። ሁኔታ ከተለወጠም ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። አምስት ዓመቷ ግን ከመጽሐፉ ብትወጣም ከሰፈር አልወጣችም።

ወደ ቀለብ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በፊልም የምናየው፣ ባል ለፈታት ሚስቱ በየወሩ ቼክ የሚጽፍበት ነገር እኛ ዘንድ አይሠራም። ሕጉ ስለ ተጋቢዎች ቀለብ የሚናገረው ጉዳዩ በችሎት እያለ ነው። ክስ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል። ፍቺው ሲጸና የልጆች ቀለብ ይቀጥላል፣ የሚስት ግን ያበቃል። (በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ለሚዳኙ ሙስሊሞች ደግሞ በኢዳ ጊዜ የሚሰጥ ቀለብ አለ፣ እሱም ከኢዳው ጋር ያልቃል።)

እንግዲህ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስታሳድግና ቤት ስትይዝ የኖረች፣ ደሞዝ የሚባል በእጇ ያልገባ ሴት ስትፈታ የምትይዘው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው። ቤትና መኪና ያፈሩ እንደሆነ ግማሹ ግማሽ ነው። በኪራይ ቤት ኖረው ያፈሩት ሶፋ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከሆነስ? ባል ነገም ሥራው ይገባል፣ የወር ደሞዙም ይቀጥላል። ለእሷ የሚደርሳት ከሦስቱ ዕቃዎች ግማሹ ነው።