ዳማ የወለደችበት የነፋስ ሌሊት

የማወጋችሁ ሲታክ ላይ የሆነ ነገር ነው። ሲታክ በሲያትልና በታኮማ መካከል ያለች፣ አውሮፕላን ማረፊያውን መሃሏ ላይ አስቀምጣ በዙሪያው የምትኖር ከተማ ናት፤ የእኛም ሰው ሻንጣውን ካወረደበት ብዙም ሳይርቅ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ወልዶ አሳድጎባታል። ከኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ገባ ብሎ፣ ወደ አንግል ሌክ በሚወስደው በኩል፣ ቡና ሲፈላ የምጠራበት አንድ ቤት አለ። አባወራው ታክሲ ይነዳል፤ ባለቤቱ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ታደርሳለች። በፈረንጆቹ 2013 የከተማዋ መራጭ ለማረፊያውና ለሆቴሉ ሠራተኛ በሰዓት 15 ዶላር ይከፈል ብሎ በ77 ድምፅ ብልጫ ሲወስን እሷም ከሚጠብቁት አንዷ ነበረች፤ የማረፊያው ሠራተኛ ግን ነገሩ በፍርድ ቤት እስኪጸና እስከ 2015 መታገሥ ነበረበት። እናም ያ ጭማሪ ተጠራቅሞ ከአፓርታማ አውጥቶ ግቢ ያለው ቤት አስገባቸው፤ ግቢ ሲገኝ ልጆቹ ውሻ ካልመጣልን አሉ፤ ውሻዋም መጣች። መልኳ ዳማ ነበረና ዳማ አሏት።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የባለቤቲቱ እናት ከደብረ ማርቆስ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። እማማ ውሻ አይጠሉም፤ ግቢያቸው ውሻ ጠፍቶበት አያውቅም። ነገር ግን እሳቸው ባደጉበት የውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ ሌሊት ይጮኻል፣ ፍርፋሪውን ይበላል፣ እናቲቱም ስትወልድ ጎተራ ሥር ገብታ ትወልዳለች፣ ሰው መውለዷን የሚያውቀው ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ሲወጡ ነው። እናም ሳሎን ምንጣፍ ላይ የተጋደመች ውሻ ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በዳር አለፉ፤ ዳዊት የሚደግሙበትንም ክፍል በሩን ዘጉ። ልጃቸው "እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው" አለቻቸው፤ እሳቸውም አልተከራከሩም፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቆየ።

ከዚያም በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል፣ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ በዋለበት አንድ ቀን፣ የግቢው በር ሳይቀረቀር ቀረና ዳማ ወጣች። ልጆቹ ስሟን እየተጣሩ በየመንገዱ ሲፈልጓት ዋሉ፤ ሲመሽ በዝናብ ርሳ፣ ጭራዋን እየቆላች፣ በራሷ እግር ተመለሰች። ታጠበች፣ በፎጣ ደረቀች፣ ነገሩም ተረሳ።

ጥቅምት አለፈ። የዚያ አገር ጥቅምት እንደ እኛው አይደለም፤ ሰማዩ ዝቅ ይላል፣ ካፊያው ከጠዋት እስከ ማታ አያባራም፣ ቀኑም እያጠረ ይሄዳል። ዳማ ቶሎ ቶሎ ይርባት ጀመር፤ ወገቧም ሰፋ፤ ልጆቹ ወፈረች አሉ፤ አባትየውም ምግቧን ቀነሰባት። ኅዳር እንደ ገባ አንድ ጠዋት እማማ ዳዊታቸውን ጨርሰው ወደ ጓዳ ሲያልፉ ዳማን በጎኗ ተጋድማ አገኟት። ቆሙ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፤ ከዚያም ከመጡ ጀምሮ ነክተዋት የማያውቋትን ውሻ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው፣ በመዳፋቸው ሆዷን ቀስ አድርገው ዳበሱት፣ ጡቶቿንም አንድ በአንድ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተቆጥቶ ነበር፤ "ይቺ ልጅ ይዛለች፤ እናንተ ታስርቧታላችሁ?" አሉ።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ ራጅ ተነሣች፤ የአምስት ቡችሎች የራስ ቅል ተቆጠረ። ሐኪሟም ነገሩን አስረዳች፤ ውሻ የምትሸከመው 63 ቀን ገደማ ነው፤ ልትወልድ ስትል ሙቀቷ ከ37.2 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ያን ጊዜ አንድ ቀን ቢቀራት ነው፤ በአንዱና በሌላው ቡችላ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ ደውሉ። የእማማ ልጅ ይህን ሁሉ ተረጎመችላቸው፤ እማማም የሁለት ሰዓቱን ነገር ደግመው አስነገሯት።

ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀትር ላይ የዳማ ሙቀት ወረደ። ያ ቀን በምዕራብ ዋሽንግተን ግዛት የሚረሳ አይደለም። ትልቁ ማዕበል ባሕሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሲስብ፣ ነፋሱ ዛፎቹ ከለመዱት አቅጣጫ ሳይሆን ከምሥራቅ፣ ከካስኬድ ተራሮች ላይ ተንደርድሮ ወረደና የስንት ዘመን ጥዶችን ከነሥራቸው ነቀለ፤ በአካባቢው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። አባትየው ያን ማታ ሰው ሊያደርስ ቤልቪው ነበር። የትራፊክ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል፣ የወደቀ ቅርንጫፍ በየመንገዱ ተጋድሟል፣ በየመስቀለኛው ሹፌር ለሹፌር በእጁ እያሳየ ተራ ይለቃቀቃል፤ እናም መንገዱ ሲዘጋበት እየተመለሰ፣ በሌላ እየዞረ፣ በሬንተን በኩል ወደ ቤቱ ተጓዘ።

በቤት በኩል ደግሞ መብራቱ እልም ሲል ማሞቂያውም ምድጃውም አብረው ጸጥ አሉ። ዳማ ልጆቹ በካርቶን ያነጠፉላትን ትታ በጨለማው ትዞር ጀመር፤ ታለከልካለች፣ መሬቱን በጥፍሯ ትጭራለች፤ ዞራ ዞራ እማማ በር ላይ ቆመችና ጫረች። እማማ ከፈቱላት። ገብታ አልጋው ግርጌ በተጣለው ጋቢ ላይ ተኮረመተች። "ተዋት፣ ምጥ ነው" አሉ እማማ፣ ሻማውንም ከዳዊቱ አጠገብ አንሥተው ወደ ወለሉ አወረዱት።

የመጀመሪያው ቡችላ ሲወጣ ዳማ ስሱን ሽፋን በጥርሷ ቀደደች፣ እትብቱን ቆረጠች፣ እስኪያለቅስ ላሰችው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። ነገር ግን ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። እማማ ተነሡ፤ ጋራዡ ውስጥ ለቡና የሚሆን ከሰልና ማንደጃ እንዳለ ያውቃሉ። እዚህ ላይ ነው ልጅቷ እናቷ ፊት የቆመችው። "እማዬ፣ ከሰል አይገባም!" አለች፤ ድምፅዋን በእናቷ ላይ ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2006 በዚያው አካባቢ ሌላ ማዕበል መብራቱን ለቀናት አጥፍቶ፣ ብርድ ያስጨነቃቸው ሰዎች ከሰል ቤት ውስጥ አነደዱ፣ ጀነሬተርም ጋራዥ ውስጥ አስነሡ፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ አንዳንዶቹን እንደተኙ ገደላቸው። ከተመረዙት ብዙዎቹ እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጡ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ያደጉበት የሆነ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ያኔ ገና የመጣች ሰሞን ነበረች፤ ስለዚህ ታውቃለች። እማማ እጃቸውን ከበሩ እጀታ ላይ አነሡ፤ "እሺ ልጄ፣ ፔርሙዙስ?" አሉ። ማታ ለሻይ የተሞሉ ሁለት ትልልቅ ፔርሙዞች ነበሩ፤ ውኃው ገና ትኩስ ነበር። በላስቲክ ጠርሙስ ገለበጡት፣ በፎጣ ጠቀለሉት፣ ቡችሎቹንም ዙሪያውን አስጠጓቸው።

አራተኛው መጣ። አምስተኛው ግን ዘገየ። ሰዓት ታየ፤ ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ልጅቷ የድንገተኛ ሐኪም ቁጥር መደወል ጀመረች፤ ኔትዎርኩ ይቆራረጣል፤ በዚህ መሃል አባትየው ጃኬቱ ውኃ እያንጠባጠበ ገባና ሳይናገር የስልኩን መብራት አብርቶ ያዘላቸው። ያን ጊዜ ዳማ አማጠች፤ አምስተኛዋ ከነሽፋኗ ወጣች። ዳማ ደክማለች፤ ራሷን አላነሣችም። እማማ ያንን ሽፋን በጥፍራቸው ቀደዱት፣ የቡችላዋን አፍና አፍንጫ በነጠላቸው ጥለት ጠረጉ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጀርባዋን ያሻሹ ጀመር። ረጅም ጊዜ አሻሹ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉት አይሰማም። ከዚያም ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ እማማ "ተመስገን" አሉና ቡችላዋን ለእንገሩ ከእናቷ ጡት ጋር አገናኟት።

ከዚያ በኋላ ያ በር አልተዘጋም። ዳማ አራስ ናት ተባለችና ሥጋ የተቀቀለበት መረቅ ለብቻዋ ይቀርብላት ነበር፤ የሚያቀርቡት በጾም ላይ ያሉት እማማ ናቸው። ቡችሎቹ ዓይናቸውን መግለጥ የጀመሩት ኅዳር 25፣ በቅዱስ መርቆሬዎስ ቀን ነው። እማማ የልጅ ልጆቻቸውን አስቀምጠው፣ በሥዕሉ ላይ ከቅዱሱ ጋር ስለሚታዩት ሁለት ገጸ ከልቦች ነገሯቸው፤ አያቱን በዱር የበሉ እንደነበሩ፣ ኋላም እግዚአብሔር ጭካኔያቸውን አርቆላቸው ለቤቱ አገልጋይ እንደሆኑ። ትንሹ ልጅ አንዱን ቡችላ አቅፎ "ታዲያ ውሻ ቤት ቢገባ ምን ይላሉ?" ብሎ ጠየቃቸው፤ እማማም ቡችላውን ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ አደረጉት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቡችሎቹ ጡት ጥለው ኬንትም ሬንተንም ላሉ የሚያውቋቸው ሰዎች ተሰጡ። ዳማም ወተቷ ሲደርቅ ሐኪም ቤት ሄዳ መከነች፤ መጀመሪያ ነገሩን ኃጢአት ነው ብለው የነበሩት እማማ፣ ያን ምጥ ካዩ በኋላ "አትድገመው" ብለው አብረዋት ሄዱ።

እናንተም በዚያ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ነፋሱ ሳይመጣ ከሰሉን ከቤት አርቁ፣ መብራት ይጠፋል ብላችሁ ስትፈሩ ፔርሙዛችሁን ሙሉ፤ ያልመከነች ውሻ ካለቻችሁ ደግሞ የግቢው በር እስኪከፈት አትጠብቁ፣ ቀጠሮ ያዙላት።