በኮባ ቅጠል

ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሰምታችሁ እንደሆነ የምለው ይገባችኋል፤ ያልሰማችሁ ደግሞ ቀረብ በሉና አድምጡኝ። የቦንጋ ዝናብ ወርዶ፣ አባርቶ የሚሄድ ዝናብ አይደለም። መጀመሪያ ጫካው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ ሲወርድ ይቆያል፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ዛፉ ለብቻው ሲያዘንብ ያመሻል፣ ከዚያም በየሸለቆው ተጠራቅሞ ጎጀብን ይቀላቀላል፣ ጎጀብም ወደ ምሥራቅ ሄዶ ኦሞ ውስጥ ይገባል፣ ኦሞም ተሸክሞት ወደ ደቡብ ቆላ ይወርዳል። ይህን ውኃ አደራ፣ አትርሱብኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ የሆነው በ1970 ዓ.ም. ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የክፍላችን ጣራ ቆርቆሮ ነበርና ዝናቡ ሲመጣ መምህሩ ይጮሃሉ፣ ዝናቡም ይበልጥ ይጮሃል፣ ከዚያ መምህሩ ይሸነፉና ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቀጭን፣ ባለ አንድ ጃኬት ሰው ነበሩ፤ የሚከራዩትም እኛው ግቢ ነበር።

ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ለብቻው የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ማንጆ ነው። ማንጆ ማን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ካፊቾው የሚናገረውን ካፊ ኖኖ ይናገራል፤ ሌላ ቋንቋ የለውም። በታቶዎቹ፣ በካፋ ነገሥታት፣ ዘመን የመንግሥቱን በሮች ይጠብቅ ነበር፤ ጫካውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ ያድናል፣ ማር ይቆርጣል፣ ማገዶና ከሰል ለገበያ ያወጣል። ጉሬዛ ይበላል፣ ከርከሮ ይበላል ተብሎ ግን ቤት አይገባም ነበር፤ ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣበት ወደ ዳር ወጥቶ ያሳልፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ሰጠው፤ ልጁም ከእኛ ክፍል ገባ። አዋጅ ግን አንድ ዴስክ ላይ አያስቀምጥም። እኛ ለሦስት ተጣብበን ስንቀመጥ እሱ አንድ ሙሉ ዴስክ ለብቻው ነበረው፤ እኛም እንደዚያ መሆኑ ትክክል ይመስለን ነበር።

ነገሩ በሆነበት ቀን መምህሩ ስለ ድንቅነሽ ነገሩን። አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ፣ አዋጁ ከመውጣቱ ከሦስት ወር ከምናምን በፊት፣ ኅዳር 15 ቀን በዚያው በ1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር አጥንቷን እንዳገኘ፣ ቁመቷ ከሕፃን እንደማይበልጥ፣ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆናት ነገሩን፤ ከዚያም ዳርዊን ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ ወጣ አላለም፣ ሰውና ዝንጀሮ፣ ሰውና ጉሬዛ እጅግ ሩቅ በሆነ ዘመን አንድ አያት ነበራቸው ማለቱ ነው አሉ።

ጉሬዛ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ክፍሉ ፀጥ አለ። ያን ፀጥታ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ነው ብዬ ብነግራችሁ ማን ያውቅብኛል፤ ግን እኔ ነኝ። «እንግዲያው እነዚህ ዘመዳቸውን ነዋ የሚበሉት!» አልኩ። ከዚያም አርባው ልጅ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከዚያም ሳቁ ቆርቆሮውን ከዝናቡ ብሶ አናጋው። መምህሩም ሳቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። ልጁ አልተቆጣም፤ አላለቀሰምም። ከሰል ያጠቆረውን እጁን ከደብተሩ ላይ አነሳና ዴስኩ ሥር ከተተው። በቃ፣ ያደረገው ይኸው ነው። አርባ ምናምን ዓመት አለፈ፤ ያቺ እጅ ግን እስካሁን ዴስኩ ሥር ናት።

ማታውን እናቴ ቡና አፈላች። የነፍስ አባታችን መጥተው ነበር፤ መምህሩም ከክፍላቸው ተጠርተው ገቡ። እኔም የቸኮለ አፌን ይዤ «አባ፣ መምህር ሰው ከአዳም አልመጣም ይላሉ» አልኩ። አባም ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተሠራ፣ ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዓመት እንደሆነ፣ ያ ዓመት ሲቆጠር ዓመተ ዓለሙ 7,470 ላይ እንደደረሰ አስረዱ። መምህሩም በፋንታቸው ስለ ድንጋይ ንብርብር፣ ስለ እሳተ ገሞራ አመድ፣ ስለ አጥንት ተናገሩ። «አጥንት ይናገራል እንዴ ልጄ?» አሉ አባ። «ለሚያውቀው ይናገራል፣ አባ» አሉ መምህሩ። ዘመኑ ስለ ሃይማኖት ጮክ ተብሎ የሚከራከሩበት አልነበረምና ሁለቱም በለሆሳስ ነበር የሚነጋገሩት፤ ጀበናው ከሁለቱም በላይ ይሰማ ነበር። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ቀረበ፣ ክርክሩ አልተነቃነቀም። በአንድ ነገር ብቻ ተገናኙ። «መቼም የሰው ዘር አንድ ግንድ ነው» አሉ አባ። «እሱስ አንድ ነው» አሉ መምህሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደጅ ሰው ነበር። የዚያ ልጅ አባት ማገዶ አምጥቶ፣ ልጁ እየተቀበለ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ይደረድራል። እናቴ ቆጮ ቆረሰችና በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቅጠል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅጠል ይጣላል፣ ሳህን ይመለሳል። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የጾመች፣ የጸለየች፣ ለእኔ ስትል ያልበላች ሴት ናት፤ የማውቃትን እናት ደብቄ ሌላ እናት አልተርክላችሁም። ይዤ ወጣሁ። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየም። ተመልሼ ስገባ አባና መምህሩ በረካ እየተቀዳላቸው ነበር።

ከዚያ ዘመን ዘመንን እየገፋ ሄደ፤ እኔም ከአገር ወጣሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ተመለስኩ። አሁን አደራ ወደሰጠኋችሁ ውኃ እንመለስ። ያ የቦንጋ ዝናብ በጎጀብ በኩል ኦሞ ገብቶ፣ ታችኛው ኦሞ ሲደርስ ኪቢሽ በሚባል ቦታ አጠገብ ያልፋል። በ1959 ዓ.ም. በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ቡድን እዚያ የሰው ቅል አገኘ፤ ሰው ስላችሁ እንደ ድንቅነሽ የሩቅ አያት ሳይሆን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው። መጀመሪያ 130,000 ዓመት ገደማ ነው ተባለ፣ ኋላ 195,000 ነው ተባለ፣ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ከቅሉ በላይ ያለውን አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ያስተያዩ ሊቃውንት ወደ 233,000 ገደማ ገፉት። እንግዲህ የእናቴ ጣራ ጠፈጠፍ የሚወርደው ወደዚያ ነው።

ደግሞ ከኦሞ ወዲያ ማዶ፣ በጋሞ ደጋ፣ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። ለስሙ አትደንግጡ፤ የቦታ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የሚባሉ ባልና ሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቆፍረው፣ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ሰው አፅም አገኙ። 4,500 ዓመቱ ነው። ከጆሮው በስተውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት ዘረመሉ ወጣ፣ በፊደል ተነበበ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም ተነገረ፤ ከአፍሪካ ምድር ከወጣ ጥንታዊ አፅም ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነው። ስሙን «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ዓይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጥቁር ነበር፤ ደሙ የደጋ ሰው ደም ነበር፤ ካደገ በኋላ ወተት የሚያስማማው ዘረመል ግን አልነበረውም። በዛሬ ሰዎች ውስጥ ሲፈለግለት ዘመድ ሆኖ የተገኘው የደቡብ ኦሞው የአሪ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። የባይራን ዘረመል ያነበቡት ሊቃውንት ከአውሮፓና ከእስያ የተመለሰ ሕዝብ ደሙን እስከ አፍሪካ ዳር ድረስ አዳርሷል ብለው ጽፈው ነበር፤ ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ በኮምፒውተር ስሌታቸው ላይ ስሕተት አገኙና ያ ደም በብዛት የሚገኘው በእኛው በምሥራቁ በኩል ነው፣ ስለ ቀረው አፍሪካ ያልነው ስሕተት ነው ብለው በአደባባይ አረሙት። እኔ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማረም አርባ ዓመት ፈጀብኝ።

የአሪን ነገር ላስከትል፤ ምክንያቱም የእኛም ነገር ነው። አሪ ውስጥ ገበሬ አለ፣ ቀጥቃጭ አለ፤ ገበሬው ቀጥቃጩን አያገባም፣ ቀጥቃጩም ገበሬውን አያገባም። ሊቃውንቱ ሁለት ቦታ ተከፍለው ነበር፤ አንደኛው ወገን ቀጥቃጩ ገበሬው ከመምጣቱ በፊት የነበረ የጥንት አዳኝ ትራፊ ነው፣ ዘሩ ሌላ ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ አንድ ሕዝብ ነበሩ፣ ቀጥቃጩ በሙያው ምክንያት ተገለለ እንጂ ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ዘረመላቸውን መርምሮ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንደወጡ፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ እንደሆነ አገኘ። ታዲያ ደማቸው ለምን ተለያየ ትሉኛላችሁ። ቀጥቃጩ ተገልሎ፣ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ ኖሮ ነዋ! መገለሉ ነው ልዩነቱን የወለደው። እኛ ቦንጋ ላይ ግን ሁልጊዜ የምንናገረው ተገላብጦ ነበር፤ ማንጆዎች ልዩ ስለሆኑ ነው የራቁን እንል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ፣ እንደዚያው እየዘነበ፣ ያ ልጅ ቤቴ መጣ። ልጅ እላለሁ እንጂ ሽበቱ ከእኔ ይበልጣል። ማር ይዞ ነበር። ግባ አልኩት፤ በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ብዙ ጠረገ፣ ከሚገባው በላይ ጠረገ፣ ከዚያ ገባና ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ። ልጄ ቡና አፈላች። ስኒውን ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ያን አቀባበል አውቀዋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ፣ አፌ አልታዘዝ ሲለኝ፣ እንደ ልማዴ ማስተማር ጀመርኩ። ስለ ኪቢሽ ነገርኩት፣ ስለ ባይራ ነገርኩት፣ ስለ አሪ ቀጥቃጮች ነገርኩት። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲበረታ ዝም እያልኩ፣ ሲቀንስ እየቀጠልኩ ነገርኩት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ አዳምን ያውቃል፤ አልተከራከረኝም።

እኔ ስጨርስ ስኒውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ «ያ በኩር ያልከው ሰው» አለኝ፤ «ወተት አይስማማውም አልክ?»

«አዎ።»

«እንሰትስ ይተክል ነበር?»

«የሚያድን፣ የሚለቅም ሰው ነበር ነው የሚሉት» አልኩ።

ጥቂት አሰበ። ውጭ ዛፉ ለብቻው ማዝነብ ጀምሮ ነበር።

«በዚያ ደጋ ያኔ ጫካ ነበር?»

«ነበር።»

«እንግዲያው ጉሬዛ በልቷል» አለ፤ ሳቀም፤ ጥርሱን አየሁት፤ ከዚያም ስኒውን ለቶናው ለልጄ ዘረጋላት።