«15 ነጥብ አመጣሁ፣ ታምሜያለሁ ማለት ነው?» የድባቴ መጠይቅ የሚነግረንና የማይነግረን

ስልካችሁ ላይ «ድባቴ እንዳለባችሁ በ2 ደቂቃ እወቁ» የሚል መጠይቅ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ፒኤችኪው-9 ነው። ጤና ተቋማትም ይጠቀሙበታል። ስለ አጠቃቀሙ ማወቅ ያለባችሁን በአጭሩ አዘጋጅተናል።

👉 ምንድን ነው?

በ2001 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ፣ 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። ባለፉት 2 ሳምንታት ስለነበረ ስሜት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎትና ትኩረት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ይባላል። ልብ በሉ፤ «ታማሚ ነው» አይባልም።

👉 ለምን?

የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲፈተሽ፣ 10 ነጥብ ላይ፣ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ለይቷል። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን 33ቱንም «ሳይኖርባቸው አለባቸው» ብሏል።

በምሳሌ እንየው። 100 ሰው ተጠየቀ፣ ድባቴ ያለባቸው 10 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከ10ሩ 9 ያህሉን ይይዛል፤ ከቀሩት 90 ደግሞ 30 ያህሉን ይጨምራል። ስለዚህ 10 ነጥብ ከሞሉት 39 ሰዎች ድባቴ ያለባቸው 9 ብቻ ናቸው። አንዱ ደግሞ እያመመው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል።

ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከደም ማነስ፣ ከእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም ከሐዘንም ይመጣሉ። ይህን የሚለየው ቁጭ ብሎ አናግሮ የሚመረምር ባለሙያ ነው።

👉 9ኛው ጥያቄ ግን ይለያል

የሚጠይቀው ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። መልሱ ከ0 ውጪ ከሆነ፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ማናገር ያስፈልጋል። ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ አቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

👉 ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች

• ለብቻ በሆነ ቦታ ጠይቁ፤ ሰልፍ ላይ ወይም ቤተሰብ ፊት አይሆንም።
• ለምን እንደምትጠይቁና መልሱን ማን እንደሚያየው አስቀድማችሁ ንገሩ። «አልፈልግም» ማለት መብት ነው።
• ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄውን እንዳለ አንብቡለት። በራስ አባባል ሲቀየር ነጥቡ ይዛባል።
• ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው የት እንደሚላክ ቀድማችሁ እወቁ። ቀጣይ እርምጃ ከሌለ፣ መጠየቁ ሰውን አስጨንቆ መሸኘት ነው።
• ለቅጥር ወይም እርዳታ ለመከልከል አትጠቀሙበት፤ ለዚያ አልተሠራም።

👉 እናንተስ?

10ና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ ስክሪንሾት አንሱና ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ይሄ ወጣልኝ» ብሎ ማሳየት ወሬውን ለመጀመር ይበቃል። በነጥቡ ተነስታችሁ ግን መድኃኒት አትግዙ። ነጥባችሁ ዝቅ ብሎም ውስጣችሁ ደህና ካልሆነ፣ ቁጥሩን ተዉትና ሂዱ።

ለሚያስፈልገው ጓደኛ አጋሩ።