ማይቶኮንድሪያ በፓርኪንሰን በሽታ

የፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚመጣ ሕመም ነው። ዋና ምልክቶቹ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር እና የእንቅስቃሴ መዘግየት ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታውን በ1817 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ በዝርዝር ገልጾታል። ለሕዋሳቱ ሞት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የማይቶኮንድሪያ ብልሽት ነው።

የማይቶኮንድሪያ ሥራ

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆኑ፣ በምግብና በኦክስጅን ተጠቅመው ኤቲፒ የተባለውን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ይሠራሉ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኃይል 20 ከመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ስለዚህ የማይቶኮንድሪያ ጉዳት የነርቭ ሕዋሳትን በቶሎ ያውካል።

የመጀመሪያው ማስረጃ

በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በድብቅ የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የወሰዱ ወጣቶች በድንገት የፓርኪንሰን ምልክቶች ታዩባቸው። ዕፁ ኤምፒቲፒ በተባለ ኬሚካል የተበከለ ነበር። ይህ ኬሚካል አንጎል ውስጥ ወደ መርዝ ተለውጦ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፤ እዚያም የማይቶኮንድሪያን የኃይል ሰንሰለት የመጀመሪያ ክፍል (ኮምፕሌክስ 1) ያግዳል። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበሽታው ተይዘው ያረፉ ሰዎች አንጎል ውስጥ የዚሁ ክፍል ሥራ ተዳክሞ ተገኘ።

ፒንክ-1 እና ፓርኪን

እነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች የተበላሸ ማይቶኮንድሪያን ለማስወገድ ይተባበራሉ። ማይቶኮንድሪያው ጤነኛ ሲሆን ፒንክ-1 ወደ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል። ሲበላሽ ግን መግባት ስለማይችል በውጨኛው ሽፋን ላይ ይጠራቀምና ፓርኪንን ወደዚያ ይስባል። ፓርኪን ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን እንደ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክት የተደረገበት ማይቶኮንድሪያ በሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ላይሶዞም ይወሰድና ይሰባበራል። ይህ ሂደት ማይቶፋጂ ይባላል።

የፓርኪን ዘረመል በ1998፣ የፒንክ-1 ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ጋር መያያዛቸው ታወቀ። ከሁለቱ አንዱን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ገና ሳያረጅ ይታመማል። ሆኖም እንዲህ ያሉት ከሕሙማኑ ጥቂቶቹ ናቸው።

አልፋ-ሳይኑክሊን

በአብዛኞቹ ሕሙማን የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሌዊ አካላት የሚባሉ የፕሮቲን ክምችቶች ይገኛሉ። ዋና ይዘታቸው አልፋ-ሳይኑክሊን መሆኑ በ1997 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የተጠራቀመው ፕሮቲን ማይቶኮንድሪያን እንደሚጎዳ፣ የማይቶኮንድሪያ ጉዳትም በተራው ክምችቱን እንደሚያባብስ በላቦራቶሪ ታይቷል።

ሕክምና

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ ምልክቶቹን ያቀላል፤ የሕዋሳቱን ሞት ግን አያስቆምም። ተመራማሪዎች የፒንክ-1ን እና የፓርኪንን ሥራ የሚያግዙ መድኃኒቶችን የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።