ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ፦ የይፋት ተዳፋት የተራራ ሩጫ መስመሮች

አሊዩ አምባ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በአንኮበር ወረዳ፣ የሸዋ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የምትገኝ ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1500 ሜትር ገደማ ነው። ከእርሷ በስተምዕራብ ያለው አንኮበር በከፍታ ወደ 1000 ሜትር ይበልጣታል፤ ከአንኮበር በላይ የሚታየው የቁንዲ ተራራ ደግሞ ከ3500 ሜትር ያልፋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በአየር መስመር ሲለካ ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ መንገደኛው ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ውርጫማ ደጋ ተነሥቶ ማሽላ ወደሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል።

ይህ የመልክዓ ምድር አቀማመጥ አካባቢውን ለተራራ ሩጫ እጅግ ተስማሚ ያደርገዋል። መንገዶቹ ግን ለስፖርት የተሠሩ አይደሉም። ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ተማሪና የጭነት ከብት ለዘመናት የረገጧቸው የእግር መንገዶች ናቸው። ስለዚህ የመስመሮቹን ታሪክና ጠባይ ማወቅ የሚጠቅመው ሯጩን ብቻ ሳይሆን መንገዱ በማሳው ዳር የሚያልፍበትን ነዋሪም ነው።

የተራራ ሩጫ ምንድን ነው?

የተራራ ሩጫ ከጎዳና ሩጫ የሚለየው በዋናነት በመሬቱ ነው። ውድድሩ የሚካሄደው በአፈር፣ በድንጋይ፣ በደንና በሣር ላይ ሲሆን፣ አስፋልት ወይም ሌላ ንጣፍ ያለው ክፍል ከመስመሩ ሩብ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። የመስመሩ ክብደት የሚገመተውም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ሯጩ ወደ ላይ በሚወጣው የከፍታ ሜትር ድምር ጭምር ነው። የዓለም የተራራ ሩጫ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በታይላንድ ቺያንግ ማይ፣ በ2023 በኦስትሪያ ኢንስብሩክ፣ በ2025 ደግሞ በስፔን ካንፍራንክ ተካሂዷል።

ኢትዮጵያ ስሟን ያስጠራችው ግን በመምና በጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር፣ በጃቶ ነው።

አንደኛ መስመር፦ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው የእግር መንገድ የአካባቢው ዋነኛ መስመር ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን አሊዩ አምባ የመንግሥቱ የንግድ በር ነበረች። ከሐረር፣ ከዘይላና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብርም የመገበያያ ገንዘቦቿ ነበሩ። የአርጎባና የሐረሪ ነጋዴዎች ቤት ሠርተው ኖረውባታል።

እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው በሜጀር ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በዚሁ አቅጣጫ ወጥቷል። ከታጁራ ጓዙን የተሸከሙት ግመሎች ከተዳፋቱ ግርጌ ቀርተው ዕቃው በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ተወሰደ። ግመል የማይወጣው ዳገት መሆኑ ስለ መንገዱ ክብደት ብዙ ይናገራል። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም በአሊዩ አምባ ለወራት ተቀምጦ የከተማዋን ኑሮ በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ገልጿል።

መስመሩ በሁለት አቅጣጫ ሊሮጥ ይችላል፤ ሁለቱም የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣ ሯጭ ልቡንና ሳንባውን ይፈትናል። ከአንኮበር የሚወርድ ደግሞ የጭኑን ጡንቻ ይጎዳል። በቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ የሰውነትን ክብደት የሚይዘው እየተለጠጠ በመሆኑ ጥቃቅን ጉዳቶች ይደርሱበታል፤ ሕመሙም በዕለቱ ሳይሆን በማግሥቱና በሠለስቱ ይሰማል። ቁልቁለት ያልለመደ ሰው አጭር መውረጃ መርጦ ደጋግሞ መለማመድ ይኖርበታል።

ሁለተኛ መስመር፦ የአንኮበርና የቁንዲ ሸንተረር

ከአንኮበር ወደ ቁንዲ የሚያወጣው መስመር በገብስ ማሳዎችና በግጦሽ ሜዳዎች መካከል ያልፋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ ጠርዝ ሣር ሲግጡ ይታያሉ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውና በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ወፍም የምትኖረው በእነዚህ ገደላማ ቦታዎች ነው፤ በሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

በዚህ መስመር ዋናው ፈተና የአየሩ ስስነት ነው። የአየር ግፊት በአሊዩ አምባ ከፍታ በባሕር ጠለል ካለው 84 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በ2500 ሜትር 75 በመቶ ገደማ፣ በ3500 ሜትር ደግሞ 65 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከቆላ የመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነቱን ቀንሶ መሮጥ አለበት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ መድኃኒቱ ወደ ዝቅተኛው ቦታ መውረድ ነው።

ሌላው አደጋ ጉም ነው። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ከተዳፋቱ ጋር ተጋጭቶ ሲቀዘቅዝ ሸንተረሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በጉም ይሸፈናል። በዚህ ጊዜ ከገደሉ ጠርዝ ርቆ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል።

ሦስተኛ መስመር፦ የወፍ ዋሻ ደን

ከአንኮበር በስተሰሜን ወደ ጣርማበርና ደብረ ሲና አቅጣጫ የሚዘልቀው ወፍ ዋሻ በሀገሪቱ ከቀሩት ጥንታዊ የደጋ ደኖች አንዱ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና በከፍታው ጫፍ አስታ ይገኙበታል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለመናገሻ ደን የሚሆን የጽድ ዘር ከዚህ እንደተወሰደ ይነገራል።

የደኑ መንገድ ጥላማና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሥር የበዛበትና ሲዘንብ የሚያንሸራትት በመሆኑ ዓይን ከመሬት መነሣት የለበትም። ከመንገዱ ወጥቶ በችግኝ መካከል መሮጥ ደኑን ይጎዳል። እሳት ማንደድም ፈጽሞ አይገባም።

ከይፋት ቆላ እስከ መንዝ

ለጀማሪዎች ወይም ቁልቁለት ለማይችሉ ሰዎች በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የይፋት ቆላ ረባዳ መሬት ይመቻል። ከተማዋ በ1280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ዙሪያዋን የማሽላ፣ የማሾና የአትክልት ማሳዎች ይከብቧታል። እዚህ ፈተናው ሙቀት ነው። ልምምዱ ፀሐይ ሳትከር፣ ማለዳ ላይ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ወባ ያለበት አካባቢ በመሆኑም ከደጋ የሚመጣ ሰው ሌሊት በአጎበር ሊተኛ ይገባዋል።

ከዚህ ራቅ ብሎ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋ የሣር ምድር ነው። የመንዝ ገበሬዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ኅብረተሰቡ በወሰነው ጊዜ ብቻ ለአጨዳ ይከፈታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ የሚታዩበትም በዚህ ምክንያት ነው። በጓሳ የሚሮጥ ሰው የሚያልፈው ባለቤት በሌለው ሜዳ ሳይሆን ደንብ ባለው የጋራ ሀብት ውስጥ ነው።

ጊዜን ማስላት

በተራራ ላይ የሚጠፉና የሚመሽባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ጊዜን በኪሎ ሜትር ብቻ በመገመታቸው ነው። ለእግረኛ የሚሠራው የቆየ ስሌት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1000 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ሯጭ ከዚህ ሊፈጥን ይችላል፤ ቢጎዳ ግን የሚመለሰው በእግሩ ስለሆነ የሚነሣበትን ሰዓት በእግረኛ ስሌት ቢወስን ይጠቀማል።

የሙቀት ለውጥም መታሰብ አለበት። በየ1000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በአሊዩ አምባ 28 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት በአንኮበር 22 ገደማ ሊሆን ይችላል፤ በቁንዲ ላይ ደግሞ ነፋሱ ሲጨመርበት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ላብ ያራሰው ልብስ ብርዱን ስለሚያብስ አንድ ደረቅ መደረቢያ መያዝ ግድ ነው። ለስንቅ በሶና ቆሎ ቀላልና የማይበላሹ ናቸው። የወንዝ ውኃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም መጠጣት የለበትም።

ወቅትና ጎርፍ

ለሩጫ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ወራት ነው። በበልግና በክረምት መንገዱ ይጭቀያል፤ በገደላማ ቦታዎችም የመሬት መንሸራተትና የድንጋይ ናዳ ያሰጋል። ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ግን ደራሽ ጎርፍ ነው። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በተዳፋቱ ተወርውሮ ቆላ ሲደርስ በዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቆላ ወንዝ የሚሻገር ሰው መመልከት ያለበት ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በአንኮበርና በጣርማበር በኩል ያለውን ደመና ነው። ውኃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ካመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ሳይሻገሩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል።

የማሳና የመንገድ ሥርዓት

የእግር መንገዶቹ በእርከን በተሠራ ማሳ መካከል ያልፋሉ። እርከኑ በየዓመቱ በበጋ ወራት ገበሬው በጉልበቱ የሚሠራውና የሚጠግነው ነው። ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ ቁልቁል የሚቆርጥ ሯጭ የእርከኑን ካብ ያፈርሳል፤ የረገጠው ቀጭን መስመርም በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የውኃ መውረጃ ይሆናል። ውኃው ከዓመት ዓመት እየቆፈረው ሲሄድ ቦረቦር ይፈጠርና ማሳውን ለሁለት ይከፍላል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ያተረፈ አቋራጭ ለሌላው ጥማድ መሬት ያሳጣል ማለት ነው።

የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ ሲመጣ የሚያሳልፈው ሯጩ ነው። ቆሞ የሚጠብቀውም በተራራው በኩል እንጂ በገደሉ በኩል መሆን የለበትም፤ በገደል በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ሊጥለው ይችላል። ከኋላ ሲደርሱም ድምፅ አሰምቶ ማለፍ ከብቱ እንዳይደነብር ይረዳል። በገበያ ቀን መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን መምረጥ ይበጃል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር አጠገብ፣ እንዲሁም ቀብር ባለበት ሥፍራ፣ ሩጫን ገትቶ በርምጃ ማለፍ የአገሬው ወግ ነው።

ማንኛውም ሰው ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከወረዳና ከቀበሌ አስተዳደር ማጣራት፣ ብቻውን አለመሄድ፣ የሚሄድበትን መስመርና የሚመለስበትን ሰዓትም ለሰው መንገር ይኖርበታል። በሸለቆዎቹ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል በስልክ ብቻ መተማመን አይገባም።

ውድድር ለሚያዘጋጁ

በእነዚህ መስመሮች ውድድር ማዘጋጀት የሚሻ አካል መጀመሪያ ሊያነጋግር የሚገባው መንገዱ የሚያልፍበትን ማኅበረሰብ ነው። ቀኑ ከአዝመራ ስብሰባ፣ ከገበያና ከበዓላት ጋር እንዳይጋጭ በጋራ ይወሰናል። የመንገድ ጠቋሚ፣ ውኃ አቅራቢና የጭነት ከብት ከአካባቢው ቢቀጠር ገቢው በዚያው ይቀራል። የተሰቀለ ምልክትና የተጣለ ፕላስቲክ በማግሥቱ ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ፕላስቲክ የዋጠ ከብት ለባለቤቱ ኪሣራ ነውና። ከምዝገባ ከሚገኘው ገንዘብም የተወሰነው ለመንገዱና ለእርከኑ ጥገና ቢውል፣ ሲራራ ነጋዴው ያለፈበት መንገድ ለገበያተኛውም ለሯጩም እንደተከፈተ ይቆያል።